ሦስት ነጥብ ለአንድ ሲፎን

ሐሙስ 4

ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ነበር። ሰዓቱን የማውቀው ልክ በዚያች ደቂቃ ቀና ብዬ ግድግዳውን ስላየሁ ነው። ፊታቸውን ላለማየት።

ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ያስተማሩኝ ቲቸር እርጥብ ዣንጥላቸውን በር ላይ አቁመው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት አስቀመጡ። ውስጡ አሮጌ ሲፎን አለ፤ ያ ከዕቃ ማጠቢያ ሲንክ ሥር የሚታጠፈው ቧንቧ። ከጎኑ የቧንቧ ወርክሾፓችንን ደረሰኝ ዘረጉት። ጣታቸውን ከታች ያለው ፊርማ ላይ አድርገው፣

«ይህ ያንቺ ነው?» አሉኝ።

«ያዘጋጀው» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው የኔ ነው።

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ስሙን ሳየው ሞክሼዋ ትሆናለች ብዬ ነበር።»

አራት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ። ሲፎን፣ የመውጫ ቧንቧ ሦስት ሜትር፣ ግድግዳ ሰብሮ መልሶ በሲሚንቶ መለሰን፣ የሁለት ሰው የሁለት ቀን ጉልበት። እኔው የተየብኩት ነው። ዝርዝሩን አጎቴ ይሰጠኛል፣ እኔ እተይባለሁ፣ እፈርማለሁ።

«የመጣው አንድ ሰውዬ ነው» አሉ። «አርባ ደቂቃ ሠርቶ ሄደ። ግድግዳውን ማንም አልነካውም። ይህን አሮጌውን ከቆሻሻ ውስጥ አንሥቼ አስቀመጥኩት። እይው። ያለቀችው ይቺ ጎማ ብቻ ናት።»

ጎማዋ እውነትም ተሰንጥቃለች። ሌላው ደህና ነው።

አጎቴ ከጓሮ እጁን እየጠረገ መጣ። «እናቴ፣ ዘመኑን ያውቁታል! ዕቃ እሳት ሆኗል እኮ!»

ዞር ብለውም አላዩት። «መቶኛ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አሉኝና ዣንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። ሲፎኑን ትተውልኝ ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ፣ ደንበኛ ሲደውል የሚሞላውን የሥራ ወረቀት ከፋይሉ አወጣሁት። ከአድራሻው አጠገብ ሦስት ነጥብ አለ። ማን እንዳደረጋቸው አላውቅም። ቀለሙ ሳይደርቅ እጅ አልፎበት ወደ ቀኝ ተጎትቷል።

አርብ 5

ሲፎኑ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ይሸታል።

አዲስ ሲፎን ከሱቅ 320። ጉልበት አንድ ሰዓት 300። መጓጓዣ 100። በድምሩ 720። ጎማ ብቻ ቢቀየር ኖሮ 415። ይኸው። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አጎቴ 4,850 ሲለኝ ግን አምስት ደቂቃ አላሰብኩም።

እሁድ 7፣ ማታ

ሲፎን ቀላል ነገር ነው። የታጠፈው ቦታ ሁልጊዜ ጥቂት ውኃ ይዞ ይቀራል፣ ያ ውኃ ከታች የሚመጣውን ሽታ ይዘጋል። አባቴ ሲያስረዳኝ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። «ጥቂት ቆሻሻ ውኃ ነው ቤቱን ከትልቁ ግማት የሚጠብቀው» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አስተማርኳቸው፤ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ወርክሾፑን ከአጎቴ ጋር የከፈተው እሱ ነው። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነ። እማና እኔ ከወርክሾፑ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖራለን። ቤቱ የማን እንደሆነ እማን ስጠይቃት «የቤተሰብ ነው» ትላለች፤ አጎቴን ስጠይቀው «የኔ ነው» ይላል። እኔ ከኮሌጅ በውኃና ፍሳሽ ሥራ ተመርቄ፣ ለባለሙያነት ፈተና ለመቀመጥ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስለሚያስፈልገኝ ስልክ አነሣለሁ። ቁልፍ ጨብጬ ከሲንክ ሥር እገባለሁ ብዬ ነበር። «ደንበኛ ሴት ሲያይ ዋጋ ይከራከራል» አለኝ አጎቴ። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ደብዳቤውን የሚፈርመው እሱ ነው።

ነጥብ ማድረግ የቢሮው ልማድ ነው። ስመጣም አግኝቼዋለሁ። አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ከአድራሻው አጠገብ። ትርጉሙን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በየቢሮው እንዲህ ያለ ነገር አለ።

እማ ገብታ የምጽፈውን ሳታይ እጄን አየች። «ዛሬም መዳፍሽ ቀለም ነው። መቼም ግራኝ ልጅ ንጹሕ ወረቀት አታውቅ» አለችና ሳቀች። የቲቸርን ነገር ነገርኳት። ሳቋን አቆመች።

«ስድስት ሳምንት ነው የቀረሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ዝም አይነቅዝም።»

ማክሰኞ 9

ዝናብ። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ ሰባት ስልክ። ሰው ሁሉ ጣራው ወይ ቧንቧው ያፈስሳል። ምሳ አልበላሁም።

አንዷ ደዋይ «ድምፅሽ ደግ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ደግ! ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ቤት ውስጥ እሷ ብቻ። ስልኩን ስዘጋ እስክሪብቶዬ ከአድራሻው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። አነሣሁት።

አጎቴ ከጓሮ በስልክ ከጠጋኙ ጋር ሲያወራ ሰማሁ። ጠጋኙ የምንለው ዋናውን የቧንቧ ሠራተኛችንን ነው፤ ከአባቴ ጋር የጀመረ፣ የማይጠግነው ነገር የሌለ ሽማግሌ።

«እሱን ተወው፤ መጋረጃው ምን ይመስላል? ... ከባዱ ነው? እስከ መሬት? ... በቃ፣ ግድግዳ ሰብረሃል።»

ሐሙስ 11

ዛሬ ነገርኩት። ሌላ ሰው እስኪወጣ ጠበቅሁና «ጋሼ፣ የቲቸርን ልዩነት እንመልስላቸው። አራት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ነው» አልኩት።

ሻዩን አስቀመጠ። «የተማረ ይግደለኝ ስል እግዜር ሰማኝ» አለ። «ይኸው ልትገድለኝ ነው።»

«ግድግዳ አልተሰበረም።»

«አንቺ፣ የዚህን ቤት መብራት ማን ነው የሚከፍለው? የጠጋኙን ደሞዝ ዝናብ በሌለበት ወር ማን ነው የሚከፍለው? ሲፎን በሰባት መቶ እየቀየርኩ? ሊፍት ያለው ሕንፃ ውስጥ ለሚኖር ሰው አራት ሺህ ምኑ ነው?»

«ሊፍት መኖሩን አንተ በምን አወቅህ?»

ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። «እኔ ምን አውቄ! እኔ የማየው ነጥቡን ነው። ስልክ የማነሣው እኔ ነኝ እንዴ?»

የአብዬን ወደ እምዬ ይሏል ይህ ነው። ራሱ ዘርፎ ነገሩን ወደ እኔ ሊያዞረው! ዓይን ያወጣ ሰው። ከወንበሩ ሲነሣ ደግሞ እንደ ዘበት፣

«ደብዳቤሽን በደንብ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። አፍሽን ከሰበሰብሽ» አለኝ።

አልመለስኩለትም። ለምን አልመለስኩለትም? አራት ዓመት የክርክር ክበብ ሊቀመንበር ነበርኩ። ለሰባት ሰው አዳራሽ ውስጥ ስለ ፍትሕ ጮኬ አውቃለሁ።

ቅዳሜ 13

የቲቸር ሕንፃ ሊፍት አለው፣ መስታወት ያለው ሊፍት። ራሴን ከአራት በኩል እያየሁ ወጣሁ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ፣ ግን መንገዱን አልለቀቁም። ቤቱ የሳቸው አይደለም። የድሮ ተማሪያቸው ቤት ነው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ የልጆቹን ትምህርት እንዲከታተሉ ብሎ ከወጥ ቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ሰጥቷቸዋል። ሲንኩ ያፈሰሰው እሳቸው ዕቃ ሲያጥቡ ነው። የቤቱ እመቤት «ቲቸር፣ ድስት ጣሉበት እንዴ?» አለቻቸው። ስለዚህ ከጡረታቸው ከፈሉ። የሁለት ወር ጡረታ።

«ማፍሰሱ የኔ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ። «ግን በሰው ቤት ሆኖ ጎማ ነው ያለቀው ብሎ መከራከር አያምርም።»

«ሥራውን በዓይኔ ልየው» ስላቸው አስገቡኝና ከሲንኩ ሥር ተንበርክኬ አየሁ። አዲስ ሲፎን፣ ደረቅ፣ ጥሩ አገጣጠም። ጠጋኙ እጁ ወርቅ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሴራሚክ አንድም አልተነካ።

ስነሣ ቲቸር ቆመው ያዩኛል። «ስደውል ያነሣችው ልጅ ድምፅዋ የማውቀው መሰለኝ» አሉ። «ስንተኛ ፎቅ ነው አለችኝ። ሊፍት አለው ወይ አለችኝ። መታጠቢያ ቤቱ ስንት ነው፣ ቀን ላይ ባለቤቶቹ ናቸው ያሉት ወይስ ሠራተኛ። ሲፎን ለመቀየር ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር።»

«ለመሰላሉ ነው፣ ቲቸር» አልኩ። «ዕቃ ለማመላለስ።»

ክፍል ውስጥ መልሱን ከጎረቤቱ የገለበጠ ልጅ የሚያዩበትን አስተያየት አየሁት። ድሮ እኔን እንዲህ አይተውኝ አያውቁም ነበር።

እሁድ 14፣ ማታ

ጥያቄዎቹ እውነትም ለመሰላል ያገለግላሉ። አንዳንዴ።

ሰኞ 15

ትናንት በቀልድ አልፌው ተኛሁ። ዛሬ ልጻፈው።

የግራ እጅ ሰው ሲጽፍ እጁ በጻፈው ላይ ያልፋል። ቢሮው ውስጥ ያለሁት ግራኝ እኔ ብቻ ነኝ። የሁለት ዓመት የሥራ ወረቀት ሁሉ ዛሬ ገለባበጥኩ። ነጥቦቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ተጎትተዋል። ሁሉም። የቲቸርም።

ስማቸውን እንኳ አልሰማሁም። «ሊፍት አለው» ሲሉኝ ሌላውን መስማት አቁሜ ነበር።

ረቡዕ 17

ጠጋኙን ወርክሾፑ በር ላይ ዝናብ ሲያሳልፍ አገኘሁት።

«አባባ፣ ነጥቡን ማን ነው የጀመረው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ልወቀው።»

እጁን ከኪሱ አውጥቶ ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ ተቀበለበት፣ ታጠበበት። «አባትሽ ነዋ» አለኝ።

ደንገጥ ብሎ ማባበል ጀመረ። «በክፉ አይደለም እኮ፣ የኔ ልጅ። አንድ ነጥብ ማለት፦ ከዚህ ቤት የጉልበት አትቀበል፤ ድሆች ናቸው። ሁለት ማለት ልኩን። ሦስት ማለት ያላቸው ናቸው፤ ትንሽ ጨምረው ለአንድ ነጥቡ ቤት ይክፈሉ። እንዲህ ነበር አባትሽ። አጎትሽ ነው አንድ ነጥቡን የተወው።»

«አሁን አንድ ነጥብ ምን ማለት ነው?»

«አሁን? አሁን አንድ ነጥብ ማለት ቶሎ አትሂድ ማለት ነው።»

ባለፈው ማክሰኞ ድምፅሽ ደግ ነው ያለችኝ ሴትዮ ስምንት ቀኗ ነው። ሰው አልሄደላትም። ያለ ነጥብም ቢሆን አልሄደላትም።

ግን አባቴ! ምሽቱን ሙሉ እያሰብኩ ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ነው ሰው! ነገሩን ያበላሸው አጎቴ ነው። ነጥቡ ሲጀመር ንጹሕ ነበር። ለቲቸር ይህንን እነግራቸዋለሁ።

አርብ 19

የአባቴን የሥራ ደብተር ከእማ ሳጥን አወጣሁ። ለቲቸር ላሳያቸው ብዬ፣ ማስረጃ።

በመጨረሻው ዓመቱ፦ ጉልበት የተወላቸው አንድ ነጥብ ቤቶች ሃያ ሦስት። የጨመረባቸው ሦስት ነጥብ ቤቶች ዘጠና አንድ።

የተወውን ደመርኩ። የጨመረውን ደመርኩ። አቀናነስኩ። ሦስት ጊዜ። ውጤቱን እዚህ አልጽፈውም። ሦስት ነጥቦቹ በኮሌጅ በየሴሚስተሬ መጀመሪያ ይበዛሉ።

እማ ገባች። ደብተሩን እጄ ላይ አየችው። «ከየት አመጣሽው?» አለችኝ እንጂ ምን እንደሚል አልጠየቀችኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ለቲቸር አላሳየኋቸውም።

ማክሰኞ 23

ከትናንት ጀምሮ ለደወለ ሁሉ አንድ ዋጋ እናገራለሁ። ሲፎን መቀየር 720፣ ጎማ ብቻ ከሆነ 415፤ ዕቃው ከነሱቅ ደረሰኙ። ፎቅ አልጠይቅም። ዛሬ ስድስት ሰው።

አንዱ ባለ ትልቅ ግቢ ነኝ ባይ ተቆጣኝ። «ርካሽ ነው፤ ጥሩ ሠራተኛ የላችሁም ማለት ነው?» አለኝ። ዋጋ ጨምሪልኝ ብሎ የሚለምን ሰው በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

ድምፅሽ ደግ ነው ወዳለችኝ ሴትዮ ጠጋኙን ላክሁት። ሄደ። አጎቴ የት እንደነበረ ሲጠይቀው «መንገድ ተዘግቶ» አለ።

ሐሙስ 25

ታወቀ። ባለ ትልቅ ግቢው ሰውዬ ሥራው ካለቀለት በኋላ አጎቴ ዘንድ ደውሎ ለርካሹ ዋጋ አመስግኖታል።

ይጮኻል ብዬ ነበር። አልጮኸም። የከፋው እሱ ነው። በር ዘግቶ ቁጭ አለና ሁለት ወረቀት አወጣ። ቲቸር ንግድ ቢሮ ከሰውናል፤ ሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል። አንደኛው ወረቀት፦ «ግድግዳ ተሰብሮ የመውጫ ቧንቧው በሙሉ መቀየሩን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከታች የኔ ስም። ሁለተኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ነው። ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት። ሁለት ዓመት ሙሉ። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጥንቁቅ» ይላል።

«የቀሩሽን ሳምንታት መርቄልሻለሁ» አለኝ።

«ባልፈርምስ?»

«እንግዲያው ልጅቷ ናት የተሳሳተችው እላለሁ። ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ፤ ፊርማው ያንቺ፤ ነጥቡ ያንቺ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ የቀረበልኝን ነው የማየው።» ቀጥሎ ደግሞ ድምፁን አለስልሶ፣ «የወንድሜ ልጅ፣ እኔ ላንቺ ጠላት ነኝ? ያስተማረሽ ይኸው ነጥብ አይደለም እንዴ!»

ያውቃል። ሁሉም ያውቁ ነበር።

እሁድ 28፣ ማታ

የአጎቴን ሁለት ወረቀቶች ነገር ለእማ ነገርኳት። ማታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ፈርሚ።»

«እማ፣ ውሸት ነው።»

«ግድግዳ ነው። ግድግዳ አይከስስሽ። ደብዳቤሽን ይዘሽ ከወጣሽ በኋላ እንደፈለግሽ ጻድቅ ሁኚ።»

«አንቺስ? እኔ ወጥቼ አንቺ እዚሁ?»

«እኔ ለምጄዋለሁ» አለች።

ሄዳለች፤ አንድ ነገር ልጻፍ፤ ለራሴ ካልጻፍኩት ነገ አልናገረውም። ነጥብ ሳደርግ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ስልክ ላይ ሁለት ቃል ተናግሮ ሳይጨርስ ቤቱን እገምታለሁ። ወለሉን፣ ሶፋውን፣ ጠጋኙ ሲመለስ የሚያወራውን መጋረጃ። ልክ ስሆን እንደ ፈተና ውጤት ደስ ይለኝ ነበር። ትርጉሙን አልጠየቅኩም ያልኩት እውነት ነው። የሚያውቁትን ማን ይጠይቃል?

ሰኞ 29

መጡ። ተቆጣጣሪው ወጣት ነው፣ ጫማው በስብሶ። ቲቸር ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጠጋኙ ቆመ። አጎቴ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ጠረጴዛው ላይ መዳፉ ሥር አድርጓል። ማኅተሙ በጣቶቹ መካከል ይታየኛል።

«ደረሰኙ ግድግዳ ተሰብሯል ይላል» አለ ተቆጣጣሪው። «ተሰብሯል?»

አጎቴ ወደ እኔ አየ።

«አልተሰበረም» አልኩ። መሳቢያዬን ከፍቼ አሮጌውን ሲፎን አወጣሁት። «ያለቀው ጎማው ነው። ልኩ አራት መቶ አሥራ አምስት ነው። አዲስ ሲፎን ስላስገባን ቢበዛ ሰባት መቶ ሃያ።»

ተቆጣጣሪው ወደ ጠጋኙ ዞረ። «አንተ ነህ የሠራኸው። ግድግዳ ሰብረሃል?»

ጠጋኙ እጆቹን አየ። የወርቅ እጆቹን። «ብዙ ቤት ነው የምገባው፣ ጌታዬ። የትኛው ግድግዳ እንደሆነ አላስታውስም።»

ከሁሉም ይህ ነው የቆረጠኝ። አጎቴስ አጎቴ ነው።

ተቆጣጣሪው የሥራ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋ። «እነዚህ ነጥቦችስ?»

«ልጅቷ ስትጫወት ነው» አለ አጎቴ ቶሎ ብሎ።

እዚያ ጋ መቆም እችል ነበር። ግድግዳው አልተሰበረም ብያለሁ፤ በቂ ነበር። ቲቸርን አየኋቸው።

«ስጫወት አይደለም» አልኩ። «ነጥቡ የኔ ነው። ደዋዩ ስንት መክፈል እንደሚችል ገምቼ ነው የማደርገው። ዋጋውን የሚጽፈው እሱ ነው፣ ሦስት ነጥብ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። የሳቸውም ላይ።»

አጎቴ ደብዳቤውን አነሣና ለሁለት ቀደደው። ከዚያ ለአራት። ከዚያ ተረጋግቶ ቅርጫቱ ውስጥ ጨመረው፣ ልክ ሙዝ ልጦ ልጣጩን እንደሚጥል ሰው። ተቆጣጣሪው ምን እንደሆነ አልጠየቀም። እየጻፈ ነበር።

ቲቸር ሲወጡ አጠገቤ ቆሙ። «ድምፅሽን አላወቅኩትም ብል ይሻለኝ ነበር» አሉኝና ሄዱ።

ሐሙስ 2

የንግድ ቢሮው ወረቀት መጣ። 4,130 እንዲመለስ፣ ወርክሾፑም እንዲቀጣ። አጎቴ ወረቀቱን አንብቦ ለእማ «እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍሎቹ ይፈለጋሉ» አላት።  እኔን በቤቱ ውስጥ እንደሌለሁ ቆጥሮ ነው የሚያልፈኝ። ጠጋኙ ዓይኑን መሬት ላይ ነው የሚያሳርፈው።

እማ ዕቃ ስትጠቀልል ድምፅ አታሰማም። እኔ አሰማለሁ። ድስቶቹን ሆን ብዬ አጋጫለሁ።

ሰኞ 6

ከዳቦ ቤት ጀርባ አንድ ክፍል አገኘን። ደብዳቤ የለኝም። ለባለሙያነት ፈተና እንደገና ሁለት ዓመት፣ ሌላ ሰው ሥር። ለጥቃቅን ጥገና ግን ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለሲፎን አያስፈልግም።

ዛሬ ቲቸር በሰው እጅ ወረቀት ላኩብኝ። አንድ መስመር፦ «ያለቀው ጎማ ነው። ልኩ 415 ከሆነ ያስቀራችሁት 720 በ305 ይበልጣል።»

ልክ ናቸው። ስቄ አላውቅም እንዲህ፤ ብቻዬን፣ ባዶ ክፍል ውስጥ። ሦስት መቶ አምስቱን ከራሴ ቆጥሬ ወሰድኩላቸው። በር ላይ ቆመው ቆጠሩት፣ ሁለት ጊዜ።

«ሂሳቡ ተዘጋ» አሉ። ሌላ ነገር ይላሉ ብዬ ትንሽ ቆምኩ። በሩም ተዘጋ።

አርብ 10

እማ ዛሬ ከሳጥኗ ግርጌ የአባቴን የቧንቧ ቁልፍ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክብደቱ ጠረጴዛውን አንቀጠቀጠው።  መያዣው በእጁ ተበልቶ የሱን ጣቶች ቅርጽ ይዟል። የቀኝ እጅ ነው። ለኔ አይመቸኝም። እለምደዋለሁ።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ቁጥሬን የሰጠቻት ሴት ናት።

«ሲንካችን ከሥር ያንጠባጥባል። ስንት ነው?»

«መጥቼ አያለሁ። ጎማ ብቻ ከሆነ 415። ሲፎኑ ከሆነ 720። ከዚህ ሌላ የለውም።»

«እሺ» አለች። ጊዜ ተቀጣጠርን። ስዘጋው እማ ከኋላዬ ቆማለች።

«ምን ዓይነት ቤት ነው?»

«አልጠየቅኩም።»

«እንዴት አትጠይቂም?» አለች። ገርሟት ነው እንጂ ተቆጥታ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ማታ ማታ አባቴ ሲገባ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔ ከጎኗ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ እሰማው ነበር። መልሱንም።

ያን የአርብ 19 ሂሳብ አሁን ልጻፈው። አባቴ ለድሃ ከተወው ይልቅ ካለው የወሰደው ይበልጣል፣ በብዙ። ትርፉም እኔ ነኝ። የኮሌጁ ወንበሬ፣ የክርክር ክበቤ፣ ይህን የምጽፍበት ፊደል። አልመልሰውም፤ ለማን እመልሰዋለሁ? ዘጠና አንድ በር አላንኳኳም። አባቴንም መውደድ አልተውም። እወደዋለሁ፣ ደብተሩንም አላቃጥለውም።

ግን ከእንግዲህ ባልጻፍኩት ቁጥር ሥር ስሜን አላኖርም። ደብዳቤ መዳፉ ሥር ይዞ ሐቄን የሚያስለምነኝን ሰው፣ አጎትም ይሁን ሌላ፣ ጋሼ ብዬ አልጠራም። ዝም አይነቅዝም የሚለኝንም አልሰማም፤ ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ውስጤ ሲነቅዝ አይቼዋለሁ። ለአንድ ሲፎን አንድ ዋጋ። ሊፍት ላለውም፣ ለሌለውም። ሰው በመጋረጃው ሲተመን፣ በክፋትም ይሁን በደግነት፣ አልቀበልም።

የተመነው አባቴ ቢሆንም።